ሐሙስ የማይመጣ ቅዳሜ አይሰጥም

የእህቴ ልጅ፣

የክለባችሁ የገቢ ማሰባሰቢያ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነሽ መመረጥሽን እናትሽ ነገረችኝ። እንኳን ደስ ያለሽ ልልሽ አስቤ ነበር፤ ግን በዚያ ቦታ የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው አይዞሽ የሚለውን ነው። ከአሁኑ ለገቢ ማሰባሰቢያው እራት ሆቴል ማማረጥ፣ ዘፋኝ ማነጋገር መጀመርሽንም ሰምቻለሁ። እስቲ ስልኩን ለአፍታ አስቀምጪና የምልሽን ስሚኝ። በሮታሪ ክለብ ውስጥ ያረጀ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ሐሙስ ማታ ስብሰባ የማይመጣ አባል ቅዳሜ ማታ እራቱ ላይ አይሰጥም። ቢመጣም ይበላል፣ ይጨፍራል፣ ይሄዳል። ገንዘቡ ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ሲሰበሰብ ይከርማል፤ ቅዳሜ የሚደረገው ቆጠራው ነው።

ሳምንታዊ ስብሰባ እናንተን ወጣቶቹን እንደሚያሰለቻችሁ አውቃለሁ። ሮታሪ ኢንተርናሽናልም በ2016 እ.ኤ.አ. ሕጉን አላልቶ፣ ክለቦች በወር ሁለቴ ቢሰበሰቡ ይበቃል ብሏል። ድሮ የቀረ ሰው ሌላ ክለብ ሄዶ ተቀምጦ ማካካሻ ያመጣ ነበር፤ መቅረት ዕዳ ነበረው። ሕጉ ሲላላ እኔ ደስ አላለኝም፤ በወር ሁለቴ የምትገናኚውን ሰው ስሙን ታውቂው ይሆናል፣ ኑሮውን ግን አታውቂም። ከኮሮና ወዲህ ደግሞ ዙም መጣ። ካሜራውን ዘግቶ መኪና እየነዳ «አለሁ» የሚል አባል ለእኔ የለም።

የስብሰባውን ሥርዓት አንቺም ታውቂዋለሽ። ደወሉ ይደወላል፣ እንግዶች ይተዋወቃሉ፣ ከሌላ ከተማ የመጣ ሮታሪያን ካለ የየክለቡን ትንሿን ሰንደቅ ይለዋወጣሉ፣ ጸሐፊው ማስታወቂያውን ይናገራል፣ ተጋባዡ ተናጋሪ ሃያ ደቂቃውን ይወስዳል። እኔ ግን እንድትከታተዪ የምፈልገው ሥርዓት አስከባሪው የቅጣት ሣጥኗን ይዞ የሚነሳበትን ሰዓት ነው። ስልኩ የጮኸበት ይቀጣል። ባጁን ረስቶ የመጣ ይቀጣል። ፎቶው ጋዜጣ ላይ የወጣ ይቀጣል፤ አዲስ መኪና ገዝቶ ዝም ያለ ደግሞ እጥፍ ይቀጣል። ልጇ የተመረቀችላት እናት ማንም ሳይጠይቃት ተነስታ «ይኼ የደስታዬ ነው» ብላ ትጨምራለች። እንግዳ ሰው ሲያየው የልጆች ጨዋታ ይመስለዋል። የእኛ ሰው ግን ለቅጣት ባዳ አይደለም፤ ዕድራችን ቀብር ያልወጣውን ሲቀጣ ስንት ዘመኑ ነው!

ሣጥኗ ውስጥ የሚገባው ብር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንቺ ግን በዚያ ሰዓት ጆሮሽን አቁሚ፣ ማስታወሻም ያዢ። ማን ምን እንደገጠመው የሚነገረው እዚያ ነው። ሚስቱ ሆስፒታል የተኛችበት ሰው መኖሩን ትሰሚያለሽ፤ እሱን ዘንድሮ ትኬት አትጠይቂው፣ ይልቅ ሄደሽ ጠይቂለት። ወንድሙ ማተሚያ ቤት የከፈተ አለ፤ እሱ ትኬቱን በነፃ ያሳትምልሻል። ከውጭ የተመለሰች አባል አለች፤ እዚያ ያገኘችው ክለብ ለትምህርት ቤት ሥራ አጋር እየፈለገ ነው። ይህን ሁሉ በኢሜይል የሚጽፍልሽ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁልጊዜ ከአንድ ወንበር አትቀመጪ። በየክለቡ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ጥግ ይዞ ዓመቱን የሚጨርስ አለ። ሰብሳቢ የሆነች ሰው በየሳምንቱ ጠረጴዛ ትቀይራለች፤ በተለይ አዲስ አባል ብቻውን ከተቀመጠበት። አዲስ አባል በሦስተኛው ወር ካልለመደ በስድስተኛው ወር የለም፤ የዓመቱ መዋጮውም፣ የሚያመጣቸው አሥር እንግዶችም አብረውት ይሄዳሉ።

የሮታሪን መሠረትም ብታዪው እንዲሁ ነው። ፖል ሃሪስ የሚባለው ጠበቃ በ1905 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ሦስት ሰዎች ይዞ ሲሰበሰብ፣ አንዱ የማዕድን መሐንዲስ፣ አንዱ የድንጋይ ከሰል ነጋዴ፣ አንዱ ልብስ ሰፊ፣ በጎ አድራጎት ከሐሳባቸውም አልነበረም። ከትንሽ ከተማ መጥቶ ትልቁ ከተማ ባዕድ የሆነበት ሰው ወዳጅ ፈልጎ ነው፤ ለምን ይደበቃል፣ ደንበኛም ፈልገው ነው። ስብሰባው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው በየተራ ይዞር ነበር፤ ልክ እንደ እኛ የጽዋ ማኅበር። የመጀመሪያው የአገልግሎት ሥራ የመጣው ወዳጅነቱ ከጠና በኋላ፣ በ1907 ነው። ምን ነበር ብትዪኝ፣ ለቺካጎ ሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ መወትወት። ዛሬ ሪባን የሚቆረጥለት፣ ፎቶ የሚያምርለት ሥራ ካልሆነ የማይነሳ ክለብ ሳይ ይኼ ትዝ ይለኛል።

አዲስ አበባ ክለብ ያገኘችው በ1950ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ብትሆኚ አንቺ አትገቢም ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 በካሊፎርኒያዋ የዱዋርቴ ከተማ ክለብ ጉዳይ ከፈረደ በኋላ ነው ሮታሪ በ1989 በሩን ለሴቶች በመላው ዓለም የከፈተው። የመጀመሪያዋ ሴት የዓለም ፕሬዚዳንት፣ ካናዳዊቷ ጄኒፈር ጆንስ፣ የተሾመችው ገና በ2022 ነው። ይህን መንገሬ፣ አንዳንዱ ሽማግሌ የኮሚቴ ሰብሳቢነትሽን ረስቶ «እስቲ ሻዩን አስመጪልን» ያለሽ እንደሆነ እንዳትደነግጪ ነው። አስመጪለት፤ ከዚያ የትኬቱን ጥራዝ ከሻዩ ጋር አስቀምጪለት።

አሁን ወደ እራቱ እንምጣ፤ ልብሽ ያለው እዚያ ነውና።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 200 ትኬት በ3,000 ብር ሸጥሽ እንበል፤ 600,000 ብር። ሆቴሉ በሰው 1,900 ብር ቢጠይቅሽ 380,000 ሄደ። ባንድና ድምፅ ማጉያ 90,000፣ ዲኮርና ኅትመት 40,000። ወጪሽ 510,000 ሆነ፤ የቀረሽ 90,000 ብር። እዚህ ላይ ያልተከፈሉትን ትኬቶች አስቢ። «አምጪ፣ አሥር እሸጥልሻለሁ» ብሎ ወስዶ በዋዜማው የሚመልስ፣ ወይም ጓደኞቹን ይዞ መጥቶ ሰኞ እከፍላለሁ የሚል መቼም አይጠፋም። ሃያ ትኬት እንዲህ ከቀረ 60,000 ወጣ። ሁለት መቶ ሰው አብልተሽ፣ ሦስት ወር እንቅልፍ አጥተሽ፣ ለበጎ ሥራው የምትወስጂው 30,000 ብር ነው። ያን ገንዘብ ሦስት አባላት ሐሙስ ዕለት ከኪሳቸው ሊያዋጡት ይችሉ ነበር። የአገሪቱ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ፣ ቁጥር 1113/2011፣ አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ሲል፣ ከመቶ ብር 85ቱን ለወጥና ለዘፈን ያዋለ ዝግጅት ምን ሊባል ነው?

ስለዚህ ትኬት ከማሳተምሽ በፊት ወጪውን የሚሸከም ስፖንሰር ይያዝ። ሆቴሉን አንዱ፣ ባንዱን ሌላው ከወሰደልሽ የትኬቱ ብር ሙሉው ለሥራው ይውላል። ወጪው ካልተሸፈነ ዝግጅቱን ሰርዢው፤ አሳፋሪ አይደለም። የስፖንሰር ደብዳቤ ደግሞ ጊዜ አለው። የሮታሪ ዓመት ሰኔ 24 ይጀምራል፣ የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1፤ ብዙ ድርጅትም ሒሳቡን በዚያው ይዘጋል። ሰኔ መጨረሻ ላይ የሄደ ደብዳቤ ባዶ ካዝና ያንኳኳል። የመጪው ዓመት ዕቅድ ሳይዘጋ ግንቦት ላይ ግቢ። ደብዳቤውንም በመዝገብ ቤት አስገብተሽ አትመለሺ፤ እዚያ ቁጥር ተሰጥቶት ይተኛል። ድርጅቱ ውስጥ የሚያውቀው አባል ይዞት ይሂድ። ያ አባል ማን እንደሆነ የምታውቂው ከየት ይመስልሻል?

ቀኑንም ከካላንደሩ ጋር አስተያዪ። ዐቢይ ጾም ውስጥ እራት የጣለ ኮሚቴ ግማሹን እንግዳ በሽሮና በአትክልት ይሸኛል፤ ሥጋውን የከፈልሽበት ሆቴል ግን ዋጋ አይቀንስልሽም። ረቡዕና ዓርብ አይሆንም። ፍልሰታ ነሐሴን እስከ አጋማሹ ይዟል። ረመዳን በየዓመቱ ቀደም እያለ ስለሚመጣ ያምናውን ቀን ይዘሽ እንዳትሳሳቺ፤ ሙስሊም አባላትሽን በአፍጥር ሰዓት መድረክ ላይ ንግግር ማስደመጥ ነውር ነው። ጥር ደግሞ ሠርግ ሁሉን ሰው ይወስድብሻል።

ጨረታው ላይ ንቁ ሁኚ። ሥዕሉ ተነስቶ መድረክ መሪው ሲያሟሙቅ አንዱ ከኋላ «መቶ ሺህ!» ይላል፤ አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል። ሰኞ ስትደውዪ ስብሰባ ላይ ነው። ማክሰኞ ክፍለ አገር ነው። የዚያን ጊዜ ሥዕሉ እቤቱ ተሰቅሏል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከመድረኩ ሥር አንዲት ቆፍጣና ልጅ መዝገብና ስልክ ይዛ ትቀመጥ፣ ብሩ በቴሌብር ወይም በባንክ ሳይገባ ዕቃ አይነሳ። በመዝገቡ ላይም «ቃል የተገባ» እና «የገባ» ሁለት የተለያዩ ዓምዶች ይሁኑ፤ ለክለቡም ለጋዜጠኛም የምትናገሪው ሁለተኛውን ብቻ ነው። በየስብሰባው ከምትደግሟቸው፣ ኸርበርት ቴይለር በ1932 እ.ኤ.አ. ሊከስር የደረሰ ድርጅቱን ለማዳን ከጻፋቸው አራት ጥያቄዎች የመጀመሪያዋ የምትጠይቀው ስለ እውነት ነው። ሚሊዮን አሰባሰብን ብሎ ግማሹን ሲያሳድድ የከረመ ክለብ ይህችን ጥያቄ በምን አፉ ይደግማታል?

ቶምቦላ ካሰባችሁ ሎተሪን የሚቆጣጠረውን መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳትይዙ አንድ ቁራጭ እንዳትሸጡ። ከዚህ በላይ ስለ ቶምቦላ የምለው የለኝም፤ ድካሙ ከገቢው ይበልጣል።

የሒሳቡን ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልንገርሽ። የክለቡ ሁለት ኪስ ሁለት ሆኖ ይኑር። የአባላት መዋጮና የስብሰባ መስተንግዶ ብር አንድ የባንክ ሒሳብ፣ ከሕዝብ የተሰበሰበው ሌላ። ከሕዝብ ኪስ አንድ ኩባያ ሻይ አይጠጣም። «ለጊዜው እንበደርና እንመልሳለን» የሚል ገንዘብ ያዥ ካለ፣ ጨዋ ሰው ቢሆንም፣ እምቢ በዪው፤ ጨዋነቱን የምትጠብቂለት እንዲያ ነው። ካርኒው በተራ ቁጥር ይሁን፣ የተበላሸው ቅጠልም ተሰርዞ ከጥራዙ ላይ ይቅር እንጂ አይቀደድ። ሒሳቡንም በየወሩ ሐሙስ ዕለት በአምስት ደቂቃ አሰሚ፤ ዓመት ጠብቆ የሚቀርብ ሒሳብ ሁልጊዜ ጥርጣሬ ይዞ ይመጣል።

ይህ የሒሳብ ጥንቃቄ ለራስሽም ይበጃል። ከሮታሪ ፋውንዴሽን ግሎባል ግራንት የሚባለውን ለማግኘት ሥራው ቢያንስ 30,000 ዶላር በጀት፣ ከሌላ አገር አጋር ክለብ፣ ደግሞም ነዋሪው ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ የተጠና ጥናት ያስፈልገዋል። ውጭ ያለ ክለብ ከእናንተ ጋር የሚፈርመው ደረሰኞቻችሁን አይቶ ነው። እንዲህ ያለው ትስስር ምን ያህል እንደሚሄድ ማወቅ ከፈለግሽ የሲያትሉን ዕዝራ ተሾመን ተመልከቺ፤ ኢትዮጵያዊ ተወላጅ ሮታሪያን ነው፤ ለብዙ ዓመታት አሜሪካውያን ሮታሪያኖችን እያስከተለ ለፖሊዮ ክትባት ዘመቻ አገሩ ይመጣ ነበር።

ፖሊዮን ካነሳሁ አይቀር፣ የትንሽ ሣጥኖች ድምር ምን እንደሚሠራ እዚያ ታያለሽ። ሮታሪ በ1985 እ.ኤ.አ. ፖሊዮፕላስን ሲጀምር 120 ሚሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ነበር ያቀደው፤ በ1988 ከ240 ሚሊዮን በላይ ሰበሰበ። ያ ብር በአብዛኛው ከየመንደሩ ክለብ የመጣ ነው፤ በኬክ ሽያጭ፣ በእግር ጉዞ፣ በቅጣት ሣጥን። ያኔ በሽታው በዓመት 350,000 ያህል ሕፃናትን ሽባ ያደርግ ነበር። እኛ አገር የመጨረሻው የዱር ፖሊዮ ቫይረስ የታየው በ2014 እ.ኤ.አ. በሶማሌ ክልል ነው፤ አፍሪካ ከዱር ቫይረሱ ነፃ መባሏ ነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. ላይ ተረጋገጠ።

ዘመቻ ሲኖር አትቅሪ፤ ግን ቦታሽን እወቂ። ሥራውን የምትሠራው የክትባት ሣጥኗን በትከሻዋ ያነገበችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የበረዶ እሽጎቹ ሳይቀልጡ ለመድረስ ከአንቺ ፈጥና ትሄዳለች፤ ውሻ ያለበትን ግቢ ከሩቅ ታውቃለች። የሕፃኑን ጉንጭ ጫን አድርጋ ሁለት ጠብታ ታደርግለታለች፣ ትንሿን ጣቱን በቀለም ምልክት ታደርጋለች፣ ሲወጡ በሩ ላይ በጠመኔ ትጽፋለች። አንቺ መዝገብ ያዢላት፣ ወይም የሚያለቅሰውን ታላቅየውን አባብዪ። ያለ እናቱ ፈቃድ ፎቶ አታንሺ፤ ፈቅዳም ቢሆን የልጁን ፊት ለስፖንሰር ባነር አታድርጊው። የሮታሪ ኮፍያ አድርጎ ሕፃን ታቅፎ የሚነሳው ሰው ስንት ቤት እንዳንኳኳ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ፤ አብዛኛው ያንኳኳው ፎቶው የተነሳበትን ቤት ብቻ ነው።

ብሩ ከተገኘ በኋላ ምን እንደሚሠራበት ክለቡ ሆቴል ተቀምጦ አይወስን። ወደ ሰፈሩ ስትሄዱ መጀመሪያ የዕድሩን ዳኛ ጠይቁ። ዕድር ከእናንተ በፊት ነበረ፤ ያለ ፕሮፖዛልና ያለ ባነር በየወሩ ሰብስቦ ሙት ሲቀብር፣ በኤችአይቪ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ ዕድር ወላጅ አልባ ሕፃናትን ሲያግዝ ነበር። የትኛው ቤት ውኃ እንደሌለው፣ የማን ልጅ ትምህርት እንዳቋረጠ ያውቃል። ከሁሉም በላይ የሠራችሁትን ማን እንደሚጠብቀው ይነግራችኋል። በየገጠሩ የበጎ አድራጊው ስም ተጽፎበት የቆመ፣ ውኃ ግን የማይወርድበት የእጅ ፓምፕ ሞልቷል። የሚበላሹት በአብዛኛው ጎማዎቹ ናቸው፤ ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ግን የሚገዛቸው ኮሚቴ፣ መዋጮ የሚሰበስብ ሰው፣ መፍቻ ያለው ጠጋኝ ካልተዘጋጀ ፓምፑ የቆመ ብረት ነው። ስለዚህ የቦኖውን ወይም የጉድጓዱን ኮሚቴ ምረቃው ከመድረሱ በፊት አቋቁሙ፤ መፍቻውንም ስጧቸው። ከምረቃው በኋላ በስድስተኛው ወር ደግሞ አንድ አባል ሄዶ አይቶ ሐሙስ ዕለት ለክለቡ ይናገር። ገንዘብ የሰጠው ሰው ያን ሲሰማ በሚቀጥለው ዓመት አንቺ ሳትጠይቂው ይሰጣል።

ሰኔ ላይ ፕሬዚዳንቱም አንቺም ትቀየራላችሁ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ሁሉም ወንበር ይለቀቃል። ብዙ ክለብ በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚጀምረው ፋይሉ በሰው ቤት ስለሚቀር ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ማኅደር ክፈቺ፤ ማን ስፖንሰር እንዳደረገ፣ ማን እምቢ እንዳለና ለምን፣ ሆቴሉ ስንት እንደጠየቀና በስንት እንደተስማማ፣ ትኬት ወስዶ ያልመለሰው ማን እንደሆነ። የመጨረሻውን ገጽ ለሰው አታሳዪ፣ ለተተኪሽ ብቻ። ተተኪሽንም ከአሁኑ ጎንሽ አስቀምጪ፤ እራቱ ሲያልቅ ከሆቴሉ ሒሳብ ሹም ጋር ስትከራከሪ አጠገብሽ ቆማ ትማር።

የሁለት ትኬት ዋጋ በቴሌብር ልኬልሻለሁ። እራቱ ላይ አልመጣም፤ የባንዱ ድምፅ ጆሮዬን ያመኛል። ቦታዬን ከአባላቱ መካከል የመክፈል አቅም ለሌላት ወጣት ስጪልኝ፤ ደረሰኙን ግን በእናትሽ እጅ ላኪው።